ጁዲት ፖልጋር፦ ቀላሉን ዘውድ ትታ ከሚበልጧት ጋር የተቀመጠችው

ስለ ሃንጋሪያዊቷ የቼዝ ተጫዋች ጁዲት ፖልጋር ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎረፈ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው።

ጥያቄ፦ እውነት አባቷ ናቸው ሊቅ ያደረጓት? እኔም ልጄን ከትምህርት ቤት አስወጥቼ ላስተምራት?

መልስ፦ አባቷ ላስሎ ሊቅ በሥልጠና ይገኛል እንጂ አይወለድም ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። ሦስቱን ልጆቻቸውን ቡዳፔስት ውስጥ ቤት አስተማሯቸው። ግን ቼዙን የጀመረችው ትልቋ ሱዛን ናት፣ በ4 ዓመቷ ጠጠሮቹን ቤት ውስጥ አግኝታ። ጁዲት በ1976 ስትወለድ ቤቱ በቼዝ ሞልቶ ጠበቃት፤ የሚያሸንፏት ሁለት እህቶችም ነበሯት። እህቴ፣ ይህን የሚያሟላ ቤት ስንት አለ? ልጅሽን አታስቀሪያት። ማታ ማታ አብረሻት ተጫወቺ፣ ከወደደችው ራሷ ትጎትትሻለች።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል ጎበዝ ከሆነች ለምን የሴቶች የዓለም ሻምፒዮን አልሆነችም?

መልስ፦ አልተወዳደረችማ! በ1988 ተሰሎንቄ ላይ ሃንጋሪ የሴቶች የቼዝ ኦሎምፒያድ (የአገራት የቡድን ውድድር) ወርቅ ስትወስድ፣ የ12 ዓመቷ ጁዲት ከ13 ጨዋታ 12 ተኩል ነጥብ ሰበሰበች። ከ1989 መጀመሪያ አንስቶ በሴቶች ደረጃ 1ኛ ነበረች፣ 25 ዓመት ሙሉ። ዘውዱ በእጇ ነበር ባይ ነኝ። እሷ ግን ከሚበልጧት ጋር መቀመጥን መረጠች። በ1991 መጨረሻ የሃንጋሪን ሻምፒዮና ከወንዶቹ ጋር ተጫውታ አሸነፈች፣ በዚያው በ15 ዓመት ከ4 ወሯ ግራንድ ማስተር (የቼዝ ከፍተኛው ማዕረግ) ሆና አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር በ1958 የያዘውን በዕድሜ ትንሹ ግራንድ ማስተር የመሆን ሪከርድ ሰበረች። ለእኔ ረጅም የቼዝ ዕድሜዋን የወሰነው ይህ ምርጫ ነው። እየበለጠ የሚቆይ ሰው ሳያገኙ ያደጉ ተሰጥኦዎች ቶሎ ይቆማሉ።

ጥያቄ፦ ካስፓሮቭ አጭበርብሯታል የሚባለው ምንድነው?

መልስ፦ 1994፣ ሊናሬስ፣ ስፔን። እሷ 17 ዓመቷ ነው። የዓለም ሻምፒዮኑ ካስፓሮቭ ፈረሱን አስቀምጦ ለቅጽበት ከለቀቀው በኋላ መልሶ አንስቶ ሌላ ቦታ አሳረፈው፣ ይህ ደግሞ በቼዝ ክልክል ነው። መልቀቁን ካሜራ ይዞታል። እዚያው አልተቃወመችም፣ ጨዋታውን ተሸነፈች። በጣም ያናድደኛል፣ እስካሁን! ግን ከእሱ ጋር መጫወት አላቆመችም፣ በ2002 ሞስኮ ላይ አሸነፈችው።

ጥያቄ፦ ከወለደች በኋላ ወረደች አይደል?

መልስ፦ በጭራሽ። በ2004 የመጀመሪያ ልጇን ወለደች፣ በጃንዋሪ 2005 ተመለሰች፣ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ሬቲንጓ (የጥንካሬ ነጥቧ) 2735 ደረሰ። የሕይወቷ ከፍተኛው ነው፣ ከዓለም ወንድም ሴትም ተጫዋቾች 8ኛ። በመጸው ሳን ሉዊስ፣ አርጀንቲና፣ ለዓለም ሻምፒዮንነት ከተጋበዙት 8 ሰዎች አንዷ ሆነች። መጨረሻ ወጣች፣ አዎ። ከስድስት ዓመት በኋላ በ35 ዓመቷ የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ደረሰች፣ ሩሲያዊውን ካርያኪንን አስወጥታ። በ2014 አቆመች።

ጥያቄ፦ አንድ ጨዋታዋን ብቻ ልይ ካልኩ?

መልስ፦ ያንኑ የ2002ቱን። ካስፓሮቭ የመረጠው የበርሊንን መከላከያ (በጥቁር የሚጫወተው የሚመርጠው የጨዋታ አጀማመር) ነው፣ እሱን ራሱን በ2000 ዘውዱን ያሳጣውን። ንግሥቶቹ በ8ኛው እንቅስቃሴ ይለዋወጣሉ፣ የእሱ ንጉሥ መሀል ሜዳ ይቀራል፣ የጁዲት ሩኮች (ግንብ መሳዮቹ ጠጠሮች) ቀስ እያሉ ይገባሉ። በ42ኛው እጁን ሰጠ። ቦርድ ዘርግተህ ጠጠሮቹን በእጅህ እያንቀሳቀስክ እየው፣ ስልክ ላይ ብቻ አትየው።