ቁርቁራውን ከማሳዬ ላንሳው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቆቦ ነው። የማሽላ ማሳዬ ላይ ትልልቅ የቁርቁራ ዛፎች አሉ። ከሥራቸው ያለው ማሽላ ይቀጭጫል፣ ወፍም ይሰፍርባቸዋል። ልጆቼ ቆርጠን እናክስላቸው ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እባክዎን እንዳይቆርጧቸው።

ጥቅጥቅ ያለ ጥላ ማሽላ እንደሚያቀጭጭ እውነት ነው። ይህ ግን በምልመላ፣ ማለትም ቅርንጫፉን ቆርጦ በማሳሳት ይስተካከላል። ዛፉ ከሄደ ግን እሱን የሚተካ ዛፍ ቆላ ላይ በቀላሉ አይገኝም።

ቁርቁራ ሥሩን ጠልቆ ስለሚሰድ ማሽላው ከማይደርስበት ውሃ ያገኛል። ለዚህ ነው ዝናብ ሲጠፋም ለምልሞ የሚታየው። በጋ ላይ ከብቱ የሚጠለለው ከሥሩ ነው፤ እበቱም እዚያው ይቀራል። የረገፈው ቅጠል ይበሰብሳል። እስቲ ከዛፉ ሥር አንድ እፍኝ አፈር ይዝገኑ፤ 20 እርምጃ ያህል ርቀው ደግሞ ሌላ። ሁለቱን ጨበጥ አድርገው ያስተያዩ። ብዙ ጊዜ የሥሩ አፈር ጠቆር፣ ለስለስ ያለ ነው፤ እርጥበትም ቶሎ አይለቅም።

ፍሬውን ልጆችም ፍየሎችም ይበሉታል። አበባውን ንብ ትወደዋለች። ቅጠሉ ደግሞ፣ ለጀናዛ (ለሙስሊም አስከሬን) ማጠቢያ መፈለጉን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ምልመላውን ከዘር በፊት፣ መኖ በሚያጥርበት ሰሞን ያድርጉት። ያኔ ቅጠሉ ለፍየልና ለግመል ይደርሳል፤ እሾሃሙ ቅርንጫፍ አጥር ይሆናል። ስለት ባለው መጥረቢያ፣ ልጡ እንዳይላጥ፣ ውሃ እንዳይቋጥርም ሰያፍ አድርገው ይቁረጡ። ሁሉንም አይጨፍጭፉት፤ ጫፍ ላይ የተወሰነ ቅርንጫፍ ይተዉለት። መልሶ ያቆጠቁጣል። ድንበር ላይ ያለውን ግን ሳይነኩት ለፍሬ ቢተዉት ጥሩ ነው።

ወፉን በተመለከተ፣ ግሪሳ በመንጋ ብዙ ኪሎ ሜትር በርሮ የሚመጣ ነው። የእርስዎን ዛፎች መቁረጥ አያስቀረውም። የአካባቢው ወፍም በተመለመለ ዛፍ ላይ እንደ ልቡ አይሰፍርም። ማሽላው እሸት ሲይዝ መጠበቁ ግን የግድ ነው።

ሲያርሱ ትናንሽ ቁርቁራ በቅሎ ካገኙ አይንቀሉት። ዙሪያውን በእሾህ ይጠሩለት፤ ከፍየል አፍ ከፍ እስኪል ድረስ አጥሩን እንዳያነሱበት።