«ይጨመርልሻል» ተብሎ የቀረ ደመወዝ፦ ጥያቄና መልስ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች ተመካክረው የመጡ ይመስላሉ። ጭማሪ ተባለ፣ ወሩ ደረሰ፣ የድሮው ደመወዝ ገባ። ስለዚህ ዛሬ ሌላውን ትቼ እዚሁ ላይ እቆያለሁ። «አዋጁ» ስል የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ አስመጪ ድርጅት ሒሳብ ክፍል የምትሠራ አንባቢ ናት። ሚያዝያ ላይ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠርቶ «ከሐምሌ ጀምሮ 25 በመቶ ይጨመርልሻል፣ አታስቢ» ይላታል። ሐምሌ አለፈ፤ አሁን ኅዳር ነው። ኤች አር «እኛ ጋ የደረሰ ደብዳቤ የለም» አላት። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ኮሪደር ላይ ባገኛት ቁጥር «አልረሳሁሽም» ይላታል። መክሰስ እችላለሁ ወይ ትላለች።

መልስ፦ መክሰስማ ትችያለሽ። ማሸነፉ ነው የሚያጠያይቀው።

አዋጁ በየዓመቱ ደመወዝ ጨምር ብሎ አሠሪን አያስገድድም። ጭማሪ መብት የሚሆነው በሥራ ውል፣ በኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበር ከአሠሪው ጋር የሚዋዋለው) ወይም በድርጅቱ የሥራ ደንብ ውስጥ ሲገኝ ነው። ያንቺ የመጣው ከአለቃሽ አፍ ነው። የሥራ ውል የተለየ ፎርም ስለማያስፈልገው በቃልም ይጸናል። ገና ስትቀጠሪ «ከስድስት ወር በኋላ ይህን ያህል እንጨምራለን» ብለውሽ ቢሆን ኖሮ የውሉ አካል ነው ብለሽ በምስክርም ትከራከሪ ነበር። ሥራ ከጀመርሽ በኋላ የሚመጣ ለውጥ ግን አንቀጽ 15 ይጠብቀዋል። የውል ሁኔታ የሚሻሻለው በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሁለቱ ወገኖች የጽሑፍ ስምምነት ነው ይላል። አራት ግድግዳ መሀል የተነገረ ቃል እዚህ ጋ ይወድቃል።

አለቀልኝ እንዳትይ። ጽሑፍ ሲባል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከአለቃሽ ጋር የተጻጻፍሽው የቴሌግራም መልእክት አለ? ኢሜይል? የስብሰባ ቃለ ጉባኤ? ለማስረጃ ይቀርባሉ፤ ክብደታቸውን ፍርድ ቤቱ ይመዝናል። ሒሳብ ክፍል ስለሆንሽ ግን የድርጅቱን ፋይል በፍላሽ ይዘሽ እንዳትወጪ፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

ምንም ከሌለሽ ዛሬውኑ ጻፊለት። ለሥራ አስኪያጁ በኢሜይል፣ ለኤች አር በግልባጭ። እንዲህ፦ «ሚያዝያ ላይ ደመወዜ ከሐምሌ 1 ጀምሮ 25 በመቶ እንደሚጨመር ነግረውኝ ነበር። እስካሁን አልተፈጸመም። መቼ እንደሚፈጸም እንዲገልጹልኝ እጠይቃለሁ።» በቃ። የኑሮ ውድነት አይግባ፣ የባልደረባሽ ደመወዝ አይነሳ። «ልክ ነሽ፣ በሚቀጥለው ወር እናስተካክላለን» ብሎ ከመለሰ የጎደለሽን ጽሑፍ በራሱ እጅ ሰጠሽ። ዝም ካለም መጠየቅሽ በቀን ተመዝግቧል።

አሁን የሚያሳስበኝን ልንገርሽ፤ ይርጋው ነው፣ ካለፈ ከሶ መጠየቅ የማይቻልበት የጊዜ ገደብ ማለት ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ካለፈው በይርጋ ይታገዳል። የሐምሌው ልዩነት ጥር መጨረሻ አካባቢ ይሞታል፣ የነሐሴው የካቲት ላይ፣ እያለ ይሄዳል። አሠሪው ዕዳውን በግልጽ ካመነልሽ ይርጋው ይቋረጣል፤ እሱም ቢበዛ ሦስት ጊዜ ነው። «አልረሳሁሽም» ማመን አይደለም። ጊዜ መግዣ ነው፣ ያውም በነጻ። ስለዚህ ኢሜይሉ በሁለት ሳምንት መልስ ካላመጣ ወረቀቶችሽን ይዘሽ ጠበቃ አማክሪ። ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም። ፍርድ ቤቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያዛል፤ የቀጠሮውን ነገር ደግሞ የተመላለሰ ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ ጭማሪ መጠየቅ ነውር ነው?

መልስ፦ አይደለም።

ጥያቄ፦ የቅጥር ደብዳቤዬ «የሙከራ ጊዜ ሲጠናቀቅ ደመወዝ ይስተካከላል» ይላል። ሙከራውን ከጨረስኩ ወራት አልፈዋል።

መልስ፦ መጠኑ ተጽፏል? ከተጻፈ ውል ነው፣ ጠይቅ። ካልተጻፈ «ይስተካከላል» ብዙ አያስኬድህም። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ ስለማይችል «ገና ሙከራ ላይ ነህ» ቢሉህ አትቀበል።

ጥያቄ፦ ቃል የገቡልኝን ጭማሪ በደመወዝ ሳይሆን በትራንስፖርት አበል ሊሰጡኝ ነው። ብሩ ያው ብር አይደል ወይ የሚል አንባቢ።

መልስ፦ ኪስህ ሲገባ ያው ነው፤ እንዲያውም ለጊዜው ሊበልጥ ይችላል። ስሌት ሲመጣ ግን ይለያል። የጡረታ መዋጮ፣ ያንተ 7 በመቶና የአሠሪው 11 በመቶ፣ የሚታሰበው በመደበኛ ደመወዝ ላይ ነው። ቀን የሠራኸው ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ሲባዛ መነሻው ደመወዝህ ነው፣ የሥራ ስንብት ክፍያም እንደዚያው። አበል እዚያ ውስጥ የለም። አሠሪህ ይህን ሳያሰላ ያመጣው አይምሰልህ። «በደመወዝ ይሁንልኝ» በል፤ እምቢ ካሉ ቢያንስ ምን እየተውክ እንደሆነ አውቀህ ፈርም።

ጥያቄ፦ አንድ ንዴት የሚነበብበት ደብዳቤ አለ። ጭማሪው ከተነፈገው ወዲህ ነገ ጠዋት ጥሎ ሊወጣ አስቧል። ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ቢከስ እንዳያባርሩት ይፈራል።

መልስ፦ ከኋለኛው ልጀምር። ሠራተኛ ቅሬታ ስላቀረበ ወይም ስለከሰሰ ውሉን ማቋረጥ ሕገ ወጥ ነው፤ አንቀጽ 26 በግልጽ ይከለክላል። ከሥራ ከተባረርክና መመለስ ከፈለግክ ያለህ ጊዜ ግን 3 ወር ብቻ ነው።

ጥሎ መውጣቱን ግን ቆም ብለህ አስብበት። ያለማስጠንቀቂያ መልቀቅ የሚቻለው አሠሪው መሠረታዊ ግዴታውን ደጋግሞ ሲጥስ ወይም አዋጁ የዘረዘራቸው ሌሎች ምክንያቶች ሲኖሩ ነው። ያልተጻፈ ጭማሪ መቅረቱ ከዚያ ይገባል ወይ ለማለት ሰነዶችህን ማየት ያስፈልጋል፣ እኔ ደግሞ አላየሁም። ምክንያትህ ተቀባይነት ካላገኘ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሳ ከሚከፈልህ ላይ ሊቆረጥ ይችላል። እዚህ ላይ ለወጉ ያህል አይደለም ጠበቃ የምለው። የመልቀቂያ ደብዳቤው ከመግባቱ በፊት፣ ከገባ በኋላ ሳይሆን፣ የሠራተኛ ጉዳይ የሚያውቅ ሰው ያንብበው። አቅም ከሌለህ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡባቸው ማዕከላት አሏቸው። መውጣቱ የማይቀር ከሆነ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተህ ውጣ።

ጥያቄ፦ አሥራ አራት ነን፣ ለሁላችንም ነው ቃል የተገባው። አብረን ብንጠይቅስ?

መልስ፦ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፤ እናንተ ትበቃላችሁ። የተጻፈ መብት ካላችሁ ፍርድ ቤት ነው መንገዱ። «ደመወዛችን ይጨመር» የሚል አዲስ የጋራ ጥያቄ ከሆነ ግን በማስማማት ይጀምርና ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይሄዳል። ሥራ ማቆም የራሱ ሥርዓት አለው፤ በስሜት ተነስታችሁ እንዳታደርጉት።

ጥያቄ፦ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ።

መልስ፦ የእርስዎ ሕግ ሌላ ነው። የሰው ሀብት ክፍሉን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ አሠሪዬ አጎቴ ነው። ከሦስት ወር በፊት የተፈራረምነውን ጭማሪ አልከፈለኝም፣ ቤተሰቡ ደግሞ «በሽማግሌ ይለቅ» ይላል።

መልስ፦ በሽማግሌ ይለቅ፣ ጥሩ ነው። ግን ሽማግሌ ተቀምጧል ብሎ ይርጋ አይቆምም፣ ከ6 ወሩም ግማሹ ሄዷል። አጎትህ እዚያ ተቀምጦ «አዎ፣ አለብኝ» ካለ ቡናው ሳይነሳ በወረቀት ይስፈር፣ ይፈርም፣ ሽማግሌዎቹም ይፈርሙ። አንድ ኮፒ አንተ ጋ ይቅር።