መጥረቢያ ይዤ ልውጣ ወይስ ልተወው? ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ ካምፕ ዕቃ ስናወራ «ቶማሃውክ ለግድግዳ እንጂ ለጀርባ ሻንጣ አይሆንም» ብዬ ነበር፤ ቶማሃውክ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የመጣው ቀላል መጥረቢያ ነው። ያቺ አንዲት አባባል ስንቱን እንዳስኮረፈች የገባኝ ጥያቄው ሲጎርፍ ነው። እሺ፣ ዛሬ ማታ ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ጠይቁ። ለማታውቁኝ፦ ሚኒሶታ 14 ዓመት ኖሬያለሁ፣ ሦስት ሰመር የጫካ መንገድ ከሚጠርግ ቡድን ጋር ሠርቻለሁ፣ በየዓመቱም ባውንደሪ ዋተርስ ወደሚባለው የሐይቅና የጫካ አገር በታንኳ እወጣለሁ። መጥረቢያ አልሸጥም።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ ጋሼ፣ ቶማሃውክና ሃቸት ልዩነታቸው ምንድን ነው? ሁለቱም ትንሽ መጥረቢያ አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ ልዩነቱ ዛቢያው የሚገባበት አቅጣጫ ላይ ነው። ሃቸት የሚሉት የአንድ እጅ መጥረቢያ ዛቢያው ከታች ገብቶ ከላይ በሽብልቅ ይወጠራል። ሽብልቁ ከላላ ብረቱ ይወልቃል። ቶማሃውክ ግን የዶማ ዘመድ ነው። የቀን ሠራተኛ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዶማውን ዘቅዝቆ የዛቢያውን ወፍራም ጫፍ ድንጋይ ላይ ኳ ኳ ሲያደርግ አይተህ የለ? ልክ እንደዚያ ነው። ብረቱ በቀጭኑ ጫፍ ይገባና ወፍራሙ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይጠብቃል፤ በሰነዘርክ ቁጥር ደግሞ ይብሱን ይጠብቃል። ዛቢያው ጫካ ውስጥ ቢሰበርብህ ቀጥ ያለ እንጨት ፈልገህ፣ በቢላ አስተካክለህ ትከታለህ። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ አልክድም።

ችግሩ ብረቱ ቀላልና ቀጭን መሆኑ ነው። ይቆርጣል እንጂ አይፈልጥም። ስለቱ እንጨቱ ውስጥ ይሰካና እዚያው ተቀርቅሮ ይቀራል፤ ከዚያ አንተ ግንዱን በእግርህ ረግጠህ ስትታገል ታመሻለህ። የሃቸት ብረት ከስለቱ ወደ ጀርባው እየወፈረ ስለሚሄድ ራሱ ሽብልቅ ነው፤ እንጨቱን ወደ ግራና ቀኝ ይገፋዋል።

ቃሉ የመጣው ቨርጂኒያ ከነበሩት ከፓውሃታን ሕዝቦች ቋንቋ ነው። ብረቱን ያመጡት ደግሞ አውሮፓውያን ነጋዴዎች ናቸው። ዛሬ የምናየው ቅርጽ ከሁለቱ የተወለደ ነው።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ ወታደሮች ግን ይይዙታል እኮ! የማይጠቅም ቢሆን ይይዙት ነበር?

መልስ፦ ይይዙታል። የአሜሪካ አህጉራዊ ኮንግረስ በጁላይ 1775 ሚሊሻው ከጠመንጃው ሌላ ጎራዴ ወይም ቶማሃውክ እንዲኖረው መክሮ ነበር። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ፒተር ላጋና የሚባል የቀድሞ ማሪን (የአሜሪካ ባሕር ወለድ ወታደር) ከ1966 እስከ 1970 ድረስ 4,000 ያህል ሠርቶ ለወታደሮች ሸጧል። አሁን ገበያ የሞላው፣ ጥቁር ቀለም የተቀባውና ከኋላው የሾለው የዚያ ዘር ነው። ሹሉ በርና ሣጥን መስበሪያ ነው። ያንተ ድንኳን በሩ ዚፕ ነው፣ ወንድሜ። እርጥብ ድንጋይ ላይ ተንሸራተህ ስትወድቅ ግን ያ ሹል ከጎን አጥንትህ ጋር ነው የሚገናኘው።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ አንድ ነገር ብቻ ያዝ ብትባል ምን ትይዛለህ?

መልስ፦ ታጣፊ መጋዝ። ሳላስብ። ስለቱ 19 ሳንቲሜትር የሆነው ባህኮ ላፕላንደር 200 ግራም ገደማ ነው የሚመዝነው። ፊስካርስ ኤክስ7 የሚባለው ትንሽ መጥረቢያ 640 ግራም አካባቢ ነው። የስዊድኑ ግራንስፎርስ ትንሿ የደን መጥረቢያ ደግሞ 1 ኪሎ ትጠጋለች። መጋዙ የእጅ አንጓ የሚያህል ደረቅ እንጨት በደቂቃ ውስጥ ይጨርሳል፣ ፍንጣሪ አይወረውርም፣ ደክሞህም ብትጠቀምበት እግርህን አይቆርጥም። ሰው የሚጎዳው ደግሞ ሲደክመው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲቀዝፍ ውሎ፣ ሊመሽ ሲል፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ።

ባውንደሪ ዋተርስ ከ1,000 በላይ ሐይቅ ያለበት ጫካ ነው፤ ለማገዶ የሚፈቀደው የሞተና የወደቀ እንጨት ብቻ ነው፣ እሱም ከሰፈሩ ራቅ ተብሎ የሚለቀም። ለዚህ መጋዝ ይበቃል። መጥረቢያ የያዘ ሰው እጁን ይበላዋል፤ ያልሞተ ዛፍ ላይ «እስቲ ልሞክራት» ይላል። የድንኳን ቦታዎቹ ዙሪያ ያሉት ዛፎች ጠባሳ የሚመሰክረው ይህንኑ ነው።

ጥያቄ (ከዚያው ከዳላስ)፦ ታዲያ መጥረቢያ ጭራሽ አያስፈልግም ማለት ነው?

መልስ፦ አላልኩም። ዝናብ ሲዘንብ ያስፈልጋል፤ ያን ቀን ደግሞ ምትክ የለውም።

አንድ ሴፕቴምበር ሦስት ቀን ሙሉ ሳያባራ ዘነበ። ጭራሮው ሁሉ ርሶ ክብሪት ስናስጠጋው አልያዝ አለ፤ ከጭስ በቀር ምንም የለም። የወደቀ ደረቅ የሴዳር ግንድ አገኘን፤ ላዩ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይተፋል። በመጋዝ ክንድ ክንድ የሚያህል አድርገን ጎመድነው። ከዚያ በመጥረቢያ ለሁለት ስንፈልጠው መሐሉ ቀይ፣ ደረቅ፣ ሽታው ልክ እርሳስ ስትቀርጽ እንደሚሸተው። ፍልጡን እንደገና አራት፣ ስምንት አደረግነው፤ አውራ ጣት የሚያህለውን በቢላ ላግነው፣ ያንን ፍቅፋቂ አቀጣጠልን። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሻይ ጠጣን። ውሃው ከላይ ብቻ ነው የሚገባው፤ ደረቁ ውስጥ ነው፤ ውስጡን የሚከፍትልህ መጥረቢያ ነው።

ስትፈልጥ ግን አትሰንዝር። ስለቱን የእንጨቱ ጫፍ ላይ አስደግፍ፣ እንጨቱንና መጥረቢያውን አንድ ላይ ያዝ፣ ሁለቱንም ባንዴ አንስተህ ታች ያለው ጉማጅ ላይ ኳ አድርጋቸው። ስለቱ ሲገባ እጅህን ጠምዘዝ። ይከፈታል። ጣትህ የትም ቦታ ስለቱ ሥር አልገባም። ቋጠሮ ካለው ስለቱን አስቀምጠህ ጀርባውን በሌላ እንጨት ምታው፤ በድንጋይ ወይም በሌላ መጥረቢያ ጀርባ ግን አይሆንም፣ ብረት ከብረት ሲጋጭ ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋል።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ ባለቤቴ ባለፈው ወር ከጉልበቱ ሥር ቆርጦት 6 ስፌት ተሰፋ። ትንሽ መጥረቢያ ስለሆነ አደጋ የለውም ብሎ ነበር የገዛው።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማረው፣ እህቴ። ሁሉም ሰው እንደሱ ነው የሚያስበው፤ እውነታው ግን ተቃራኒው ነው። ረጅሙን መጥረቢያ ስተህ ብትሰነዝር ስለቱ ፊትህ ያለው መሬት ላይ ያርፋል። አጭሩን ቆመህ ስትስት ቅስቱ አጭር ስለሆነ ተመልሶ የሚመጣው ወደ ቅልጥምህ ነው። ስለዚህ በአጭር መጥረቢያ ተንበርክኮ ነው የሚሠራው፤ ጉልበትህ መሬት ላይ ሲሆን የሳተው ምት መሬት ይመታል። የሚቆረጠው እንጨት ደግሞ ከጉማጁ ማዶ በኩል ይደገፍ እንጂ ወዳንተ በኩል አይሁን።

እኔም ግራ ጉልበቴ ላይ የሦስት ሳንቲሜትር ምልክት አለችኝ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ «ቆሜ ልጨርሰው፣ አንድ እንጨት ነው የቀረው» ባልኩባት ደቂቃ የመጣች ናት። ሱሪዬ ወፍራም ባይሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር።

ጥያቄ (ከፖርትላንድ)፦ መንገድ ስትጠርጉ እናንተ ምን ትይዙ ነበር?

መልስ፦ በ1964ቱ የዊልደርነስ ሕግ በተጠበቀ ጫካ ውስጥ የሞተር መጋዝ አይገባም፤ ለእኛም ጭምር። ስለዚህ ትልቁን ግንድ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ በሚስበው ረጅም መጋዝ ነው የምንቆርጠው፣ ቅርንጫፉን በትልቅ መጥረቢያ። ሌላው ፑላስኪ የሚባለው ነው፤ ባንድ በኩል መጥረቢያ፣ በሌላው በኩል የመቆፈሪያ ስለት ያለው። ስሙ የኤድ ፑላስኪ ነው። ኦገስት 1910 አይዳሆና ሞንታናን የበላው ትልቁ ቃጠሎ ጊዜ ሰዎቹን የማዕድን ዋሻ ውስጥ አስገብቶ፣ ልውጣ ያለውን በሽጉጥ እያስፈራራ አብዛኞቹን ያዳነ የደን ጠባቂ ነው። መሣሪያው የተስፋፋው በእሱ አማካይነት ነው። እስካሁን ብዙ የደን እሳት ሠራተኛ ይይዘዋል። ለሽርሽር ግን አትግዛው፤ ከባድ ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ እኛ ገጀራ አለን፤ ርካሽ ነው። ምን ጎደለው?

መልስ፦ ለቁጥቋጦ፣ ለሐረግ፣ ለእርጥብ ቀጭን ቅርንጫፍ ከመጥረቢያም ይሻላል። ደረቅ ወይራ ላይ ግን ሞክረው፤ ይነጥራል፣ እጅህን ያደነዝዘዋል። ቀጭን ብረት የሚሠራው በፍጥነት ነው፤ ጠንካራ እንጨት ደግሞ የሚፈልገው ክብደት ነው።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ ለእረፍት ስመጣ ሰሜን ተራሮች ልሄድ ነው። ሃቸቴን ልያዝ?

መልስ፦ ቤት ተወው። ፓርክ ውስጥ እንጨት መቁረጥ ክልክል ነው፤ አስታ የሚባለው ዛፍ እንኳን ለአንተ የድንኳን እሳት ለዋልያውም አልተረፈም። አብሮህ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ይሄዳል፣ ምግቡ በምድጃ ነው የሚሠራው። አልሰማም ካልክ ደግሞ በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ ስለቱ በደንብ ተሸፍኖ በሚጫነው ሻንጣ ነው። የጋዝ ቆርቆሮ ግን በየትኛውም ሻንጣ አውሮፕላን ላይ አይወጣም፣ እሱን እዚያው ፈልግ።

ጥያቄ (ከደማም)፦ እኛ በረሃ በመኪና ነው የምንወጣው።

መልስ፦ ሳዑዲ ውስጥ ዛፍና ቁጥቋጦ መቁረጥ ከባድ ቅጣት አለው። የተፈቀደውን ማገዶ ገዝታችሁ ውጡ፤ ለዚያ መፍለጫ የምትሆን መጥረቢያ መኪናው ውስጥ ብትኖር ጥሩ ነው። መኪና ካለ ክብደት ጉዳይ አይደለም፣ እንዲያውም ከበድ ያለችውን ያዙ።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ አዲስ የገዛሁት አይቆርጥም። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም፣ አልተሳለም። ርካሾቹ ከፋብሪካ የሚወጡት ደንዝዘው ነው። ስለቱን ወደ መብራት አዙረህ እየው፤ ነጭ ክር የመሰለ ነጸብራቅ ካየህ ደንዟል። የተሳለ ስለት አያበራም፣ አይታይም። በሞረድ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሆነ ማዕዘን ሥራው። ሞረድ የሚበላው ሲገፋ ብቻ ነው፤ ስትመልሰው አንሳው፣ አለዚያ ጥርሱን ትጨርሰዋለህ። ጓንት አድርግ። መጨረሻ ላይ በመሳያ ድንጋይ አለስልሰው።

ዛቢያው እንጨት ከሆነ በዓመት አንዴ የተልባ ዘይት ቀባው። አዎ፣ ያው የምናውቀው ተልባ። አንድ ነገር ግን ልብ በል፦ የቀባህበትን ጨርቅ ጠቅልለህ ቆሻሻ ውስጥ አትጣል። ዘይቱ ሲደርቅ ይሞቃል፣ ጨርቁ ከታመቀ ራሱ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ውጭ ዘርግተህ አድርቀው።

ጥያቄ (ከሴንት ፖል)፦ ክረምት ላይ ስለቱ ተሸረፈብኝ።

መልስ፦ የሰፈሬ ልጅ! ከዜሮ በታች 30 ላይ ብረቱ ተሰባሪ ይሆናል፣ የበረደው ቋጠሮ ደግሞ ድንጋይ ነው። ከመጀመርህ በፊት ስለቱን ካፖርትህ ውስጥ፣ ከነሰገባው፣ ትንሽ አሙቀው። መጀመሪያ ቀስ እያልክ ምታ።

ጥያቄ (ከዱሉዝ)፦ ድብ ቢመጣስ?

መልስ፦ ድስት ምታ፣ ጩህ። እዚህ ያለው ጥቁር ድብ የሚመጣው ለምግብህ ነው፤ ምግብህን በአግባቡ ካስቀመጥክ አትገናኙም። መጥረቢያ ለድብ የምትደርሰው ድቡ ለአንተ ከደረሰ በኋላ ነው።

ጥያቄ (ከአትላንታ፣ ያው ሰውዬ)፦ እሺ ተሸነፍኩ። 90 ዶላር ያወጣሁበትን ቶማሃውክ ምን ላድርገው?

መልስ፦ አትሽጠው። ሹል የሌለው ከሆነ አምጣው፤ እኔም አንድ አለኝ፣ አላልኩም እንጂ። ጓሮ ውስጥ የጥድ ጉማጅ አቁሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጄ ጋር እንወረውረዋለን። አንድ ጊዜ ተገልብጦ እንዲሰካ እኔ ስድስት እርምጃ ያህል እቆማለሁ፣ እሷ አምስት። ዛቢያው እስካሁን አራቴ ተሰብሯል፤ የመጨረሻውን የቀረጸችው እሷ ናት፣ ትንሽ ጠማማ ነው፣ ግን ብረቱ አልወለቀም።