ቀይ ምንቃር ያላት ሁሉ ግሪሳ አይደለችም

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ ዞን፣ አሰንዳቦ አካባቢ ነው። ሁለት ጥማድ ማሽላ፣ ከጎኑም ትንሽ ዳጉሳ አለኝ። ማሽላው ወተት መያዝ ከጀመረ ወዲህ ወፍ አላስቀምጥ አለኝ። ግቢዬ ውስጥ ደግሞ ምንቃሯ ቀይ የሆነ በጣም ትንሽ ወፍ ጠዋት ማታ ከዶሮዎቼ ጋር ትለቅማለች፤ የሣር ጣራዬ ውስጥም ጎጆ ሠርታለች። ጎረቤቴ «ግሪሳ ናት፤ ስንዴ በመድኃኒት ነክረህ በትንላት» ይለኛል። ላድርገው?

መልስ፦ አያድርጉት። ማሽላዎን የሚበላው ወፍ ዛላው ላይ ለስላሳ ፍሬ እያለለት ደረቅ ስንዴ ፍለጋ ግቢዎ ድረስ እምብዛም አይመጣም። የተነከረውን እህል ቀድመው የሚለቅሙት የራስዎ ዶሮዎችና ርግቦች ናቸው፤ የሞተውን ወፍ ያነሳ ድመትና ጭልፊትም አይተርፍም። ግቢው ውስጥ ልጆች የሚጫወቱ ከሆነማ ነገሩ ከወፍ ያልፋል።

አሁን ስለ ወፏ። ከነገሩን ሁኔታ ስንነሳ ይህች ግሪሳ ሳትሆን ከሰው ቤት ጋር መኖር የለመደች ሌላ ዘር ለቃሚ ናት። ቁመቷ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ክብደቷ 10 ግራም እንኳ አይሞላም። ወንዱ ራሱና ደረቱ ቀይ ነው፤ ሴቷ ቡናማ ሆና በምንቃሯና በዓይኗ መካከል ትንሽ ቀይ ምልክት አላት። ሁለቱም ጅራታቸው ሥር ቀይ ነው፤ ጠጋ ብለው ካዩ የደረታቸው ጎንና ጎን ላይ ደቃቅ ነጭ ነጠብጣብ ያያሉ። ግሪሳ ግን ጀርባው እንደ ድንቢጥ ዥጉርጉር ነው፤ ምንቃሩ ወፍራም ነው፤ ክብደቱም የዚህችን እጥፍ ያህል ነው። ከሁሉ በላይ የሚለየው ብዛቱ ነው፦ ግሪሳ በመቶና በሺህ ሆኖ እንደ ጢስ እየተጠቀለለ ይወርዳል እንጂ ጥንድ ጥንድ እያለ ከዶሮ ጋር አይለቅምም።

ቀይዋ ወፍ የምትበላው መሬት ላይ የወደቀ ደቃቅ የሣር ዘር ነው፤ ምስጥ ካገኘችም አትተውም። ዘሩን በምላሷ እያገላበጠች በምንቃሯ ጠርዝ ትፈለቅቀዋለች፤ ገለባው በአፏ ጎንና ጎን ሲረግፍ ይታያል። ደረቅ ዘር የሚበላ ወፍ ያለ ውኃ መኖር ስለማይችል ከዶሮዎ መጠጫ የማትጠፋውም ለዚሁ ነው። ከአውድማ የተረፈ ጤፍ መልቀሟ እውነት ነው። ግን ያ ዱሮም የፈሰሰ ነው። ጆንያ አትበሳም፣ ጎተራ አትከፍትም። ካሳሰብዎት እህሉን ሰሌን ወይም ሸራ ላይ አስጥተው ማታ ማታ መሰብሰብ ይበቃል።

በነገራችን ላይ፣ ግቢዎ አጠገብ ሽቦ ወይም ደረቅ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሚዘፍን፣ ሰውነቱ የሚያብለጨልጭ ጥቁር፣ ምንቃሩ ነጣ ያለ፣ እግሩ ቀላ ያለ ወፍ አይተው ይሆናል። የዚህ ወፍ ሴት እንቁላሏን የምትጥለው በቀይዋ ጎጆ ነው። ጫጩቷም ከባለቤቶቹ ጫጩቶች ጋር አብራ ታድጋለች፤ ወንዱ አድጎ የአሳዳጊዎቹን ዜማ ይዘፍናል። እሱም ከመሬት ለቃሚ ስለሆነ ከጠላት አይቁጠሩት።

ታዲያ ማሳው ላይ ያለው ማነው? ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ማሳው ጠርዝ ቆመው ወፉ የት እንደሚያርፍ ይመልከቱ። ዳጉሳው ላይ ተንጠልጥሎ አገዳውን የሚያጎብጠው፣ ጭንቅላቱ ጥቁር ቡናማ፣ ሆዱ ነጭ፣ ከቀይዋ የማይበልጥ ወፍ ከሆነ፣ ለመግባቢያ ነጭ ሆዱ እንበለው። ከአስር እስከ ሠላሳ ሆኖ ይመጣል። ሣር እየጎነጎነ እንደ ኳስ የሚሠራውን ጎጆ ለመፈልፈያ ብቻ ሳይሆን ለማደሪያም ይጠቀምበታል፤ አንዳንዴ ሆን ብሎ ከተርብ ቤት አጠገብ ይሠራዋል፤ ስለዚህ ጎጆ አፈርሳለሁ ብለው እጅዎን ሳያዩ እንዳይሰዱ። ማሽላው ላይ ያለው ደግሞ ቢጫ፣ ምንቃሩ ጠንካራ፣ ዛፍ ላይ ጎጆ እየሸመነ የሚያንጠለጥል ከሆነ ሸማኔ ወፍ ነው። የማሽላዎ ዋና ጠላት እሱ ይመስለናል። ወተት ላይ ያለውን ፍሬ ይጨፈልቀዋል፤ ዛላው ላይ ባዶ ልባስና የደረቀ ነጭ ፈሳሽ ይቀራል።

ጉዳቱን ሲለኩ ጠርዙን ብቻ አይዩ፤ ወፍ የሚጀምረው ከጠርዝና ከዛፍ ሥር ስለሆነ ያስደነግጣል። አምስት ቦታ ላይ አስር አስር ዛላ ይቁጠሩ፤ ሦስቱ ቦታዎች ከመሐል ይሁኑ።

ጥበቃው አበባው ካለፈ በኋላ ወተት ከመያዝ ጀምሮ ፍሬው እስኪጠነክር፣ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ነው። ችግሩ ይህ ጊዜ ከቡና ለቀማ ጋር መግጠሙና እጅ ማጠሩ ነው። ስለዚህ ሙሉ ቀን ሰው ከማቆም ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት፣ ከዚያ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽት ማማው ባዶ አይሁን፤ ቀትር ላይ ወፉም ጥላ ይፈልጋል። ወንጭፍና ጅራፍ ይሠራሉ። የአሮጌ ካሴት ክር በየአራት ሜትሩ ከዛላው ትንሽ ከፍ አድርገው፣ ሦስት አራት ጊዜ ጠምዝዘው ቢወጥሩት ነፋስ ሲመታው ይጮኻል። ግን በጥቂት ቀን ስለሚለምዱት ቦታውን ይቀያይሩ። ሰው መስሎ የቆመ ጨርቅ ብቻውን ከሳምንት በላይ አያታልልም።

ዳጉሳውን ለማዳን ከሁሉ በፊት ዙሪያውን ያለውን ረጅም ሣር ዘር ሳይዝ አምስት ሜትር ያህል ይጨዱት፤ ነጭ ሆዱን ወደ ማሳው የሚጠራውና ከሰው የሚሸሽገው እሱ ነው። ዳጉሳ እኩል አይደርስም። የደረሰውን እየለዩ ሁለት ሦስት ዙር ይልቀሙት። ሸማኔውን በተመለከተ ከማሳው አጠገብ ጎጆ የሚያንጠለጥልባቸውን ቀጫጭን ቅርንጫፎች እንቁላል ከመጣሉ በፊት ይመልምሉ። ጎጆውን ብቻ ቢያወርዱ ወንዱ ወዲያው ሌላ ይሸምናል።

ለማጨድ አይዘግዩ። ከዛላው መሐል ፍሬ ፈልቅቀው የተያያዘበትን ጫፍ ይዩ፤ ጥቁር ነጥብ ካበጀ ፍሬው ከዚህ በኋላ ክብደት አይጨምርም፣ የሚቀረው መድረቅ ብቻ ነው። ቆርጠው ቤት አቅራቢያ ያድርቁት፤ በጥርስ ሲነክሱት ቀጭ ብሎ እስኪሰበር አይውቁት። ለዘር የመረጡትን ዛላ በጨርቅ ከረጢት ይሸፍኑ፤ ላስቲክ ካጠለቁበት ይሻግታል። ለመጪው ዓመት ከጎረቤቶችዎ ጋር በአንድ ሳምንት ውስጥ ዝሩ፤ ቀድሞ የደረሰና ዘግይቶ የቀረ ማሳ የመንደሩን ወፍ ሁሉ ብቻውን ይቀልባል። ቡናማና መራራ ፍሬ ያለው ማሽላ ወፍ ይቀንሳል፤ የእንጀራው ጣዕም ግን እንደ ነጩ አይሆንም፣ ወፉም ከራበው ይበላዋል። እኛ ለጠርዙ መስመሮች ብቻ እንመርጠዋለን።

እውነተኛ ግሪሳ በመንጋ ሲወርድ ካዩ የሚያድርበትን ቦታ አይተው በዚያው ቀን ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ፤ ርጭቱ በግለሰብ የሚሞከር አይደለም።

ጣራዎን ለማደስ ካሰቡ ደግሞ ቀይዋ እንቁላል ከጣለች አንድ ወር ይታገሷት፤ ታቅፋ ለመፈልፈል 12 ቀን፣ ጫጩቶቹ ለመውጣት 18 ቀን ያህል ይፈጅባቸዋል። ከዚያ በኋላ ሣሩን ያንሱት።