የአንድ ሰዓት እንግዳ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ብዙ ጥያቄ ይዟል፤ እኔን ያስቆጣኝ ግን መጨረሻው ላይ ያለው «ለማስተማር አልተፈጠርኩም» የሚለው ቃልሽ ነው። ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። በኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተመርቀሽ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀጥረሻል። ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የመረጃ አጠቃቀም ክህሎት ታስተምሪያለሽ፤ ለእያንዳንዱ ክፍል በዓመት አንድ ሰዓት። ተማሪዎቹ ያዛጋሉ፤ ከወራት በኋላ ለአሳይመንት መጽሐፍ ፍለጋ ሲመጡ ካስተማርሻቸው አንዱንም አያስታውሱም። አሁን አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባነሰ ደመወዝ ቤተ መጻሕፍቱን እንድትይዢለት ጠይቆሻል። ከፍሎ ያስተማረሽ ታላቅ ወንድምሽ ደግሞ «መጽሐፍ ጠባቂ እንድትሆኚ ነው ወይ የከፈልኩት?» እያለ ወደ ፕሮግራሚንግ ይገፋሻል።

ስታስተምሪ አላየሁሽም፤ ጎበዝ መምህርት ልትሆኚም ላትሆኚም ትችያለሽ። የጻፍሽልኝ ማስረጃ ግን ስለ አንቺ የሚናገረው ነገር የለም። የሚናገረው ስለምትገቢበት ክፍል ነው፤ ያ ክፍል ደግሞ አንቺ ሳትወለጂ በፊት መልኩን የያዘ ነው።

አሜሪካዊው የትምህርት ፈላስፋ ጆን ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1899 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ጽሑፍ ያወጋው ነገር አለ። ለልጆች የሚስማማ ጠረጴዛና ወንበር ፍለጋ የትምህርት ቤት ዕቃ መሸጫዎችን ሲያስስ የሚሻውን አጣ። በመጨረሻ አንድ አስተዋይ ነጋዴ ምክንያቱን ነገረው፤ አንተ የምትፈልገው ልጆች የሚሠሩበትን ዕቃ ነው፣ እነዚህ ሁሉ የተሠሩት ለማዳመጥ ነው አለው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1906፣ የካርኔጊ ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ የትምህርት ተቋም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን በሰዓት መለካት ጀመረ፤ አንድ ትምህርት በዓመት 120 ሰዓት ክፍል ውስጥ ከተሰጠ እንደ አንድ አሃድ ተቆጠረ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ሰዓት ባለቤት አለው፤ ሒሳብ የራሱን፣ ታሪክ የራሱን ይዟል። የራሱ ሰዓት የሌለው ትምህርት ግን ሲጋበዝ ገብቶ የሚወጣ እንግዳ ነው።

የማዳመጫው ወንበር ምን እንደሚያስተምር በቅርብ እንየው። የታሪክ መማሪያ መጽሐፍ አንድ ገጽ ላይ ለአንድ ጦርነት አምስት ምክንያቶች ተዘርዝረዋል። ፈተናው «አምስቱን ምክንያቶች ዘርዝሩ» ይላል። ሌላ መጽሐፍ ገልጦ ስድስተኛ ምክንያት ያገኘ፣ ወይም ሦስተኛውን የተጠራጠረ ተማሪ ምን ያተርፋል? ታሪክ ባስተማርኩባቸው ዓመታት የማረሚያው ወረቀት ላይ ለስድስተኛው ምክንያት ነጥብ አልነበረም። ልጁ ሁለተኛ ምንጭ ማየት ድካም ብቻ እንደሆነ ለአሥራ ሁለት ዓመት ከተማረ በኋላ አንቺ በአንድ ሰዓት «ምንጮችን አነጻጽሩ» ትይዋለሽ። ቢያዛጋ አልፈርድበትም።

አንቺ የምታስተምሪው ትምህርት ዛሬ የሚጠራበትን ስም፣ «ኢንፎርሜሽን ሊተረሲ»ን፣ በ1974 ያስተዋወቀው ፖል ዙርኮቭስኪም መምህር አልነበረም። የመረጃ ኢንዱስትሪ ማኅበር መሪ ነበር፤ ያሳሰበውም ሠራተኞች ለሥራቸው ችግር መፍትሔ ለማግኘት የመረጃ ምንጮችን መጠቀም መቻላቸው ነው። ሐሳቡ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ ሰዓቱ ሁሉ ተይዞ ስለነበር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተጠጋ። ከዚያም (ይህ ነው የሚያሳዝነኝ) ተቀባይነት ለማግኘት ሲል ትምህርት ቤቱን መሰለ። የአሜሪካ የኮሌጅና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ2000 ያጸደቀው መስፈርት 5 ደረጃዎችና 22 አመልካቾች ነበሩት፤ ሌላ የሚሸመደድ ዝርዝር ማለት ነው። ማኅበሩ ራሱ በ2016 ሻረው።

አያይዘሽ የላክሽልኝ የድረ ገጽ መመዘኛ ስላይድም የዚያው ዘር ነው። ጸሐፊው ተጠቅሷል? ቀን አለው? ገጹ ሥርዓት ያለው ይመስላል? ሳም ዋይንበርግና ሣራ ማክግሩ የተባሉ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች የታሪክ ምሁራንን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችንና የመረጃ አጣሪዎችን (የሚነገረው እውነት መሆኑን ማረጋገጥ ሥራቸው የሆነ ባለሙያዎችን) ድረ ገጽ ሲመዝኑ አነጻጽረው ነበር። ምሁራኑና ተማሪዎቹ በአብዛኛው ገጹ ላይ ተተክለው ከላይ ወደ ታች አነበቡ፤ በአርማውና በአቀራረቡም ተታለሉ። አጣሪዎቹ ግን ወዲያው ሌላ ገጽ ከፍተው ሌሎች ስለዚያ ድረ ገጽ ምን እንደሚሉ አዩ፤ በአጭር ጊዜም ወደ ትክክለኛው ድምዳሜ ደረሱ። ያንቺ ስላይድ ልጆቹን እዚያው ገጽ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ተይው።

መውጫው ከተገኘ ቆይቷል። ከ1960 እስከ 1962 በአሜሪካ ዲትሮይት፣ በዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በነበረው ሞንቲት ኮሌጅ፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ ፓትሪሺያ ናፕ የመራችው ሙከራ የቤተ መጻሕፍት ሥራን ከመደበኛው ኮርስ አሳይመንቶች ጋር ለማዋሐድ የተነሣ ነበር። በሌላው የአሜሪካ ኮሌጅ በኤርላም የቤተ መጻሕፍት ኃላፊው ኢቫን ፋርበርም ይህንኑ መንገድ ለዓመታት ሠራበት፤ ትምህርቱ የሚሰጠው ተማሪው መሥራት ያለበት ጥናት እጁ ላይ ሳለ ነው። ያን ጊዜ ልጁ የሚሰማሽ ስለሚያስፈልገው ነው።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ትምህርት ቤቱ ነው። እዚያ ልጆቹን የምታገኚያቸው «አምስቱን ዘርዝሩ» አጥንታቸው ውስጥ ሳይገባ ነው፤ የጥያቄ ወረቀቱን የሚያወጣው የታሪክ መምህርም ሻይ የሚጠጣው አጠገብሽ ነው። ከክፍል ወጥቶ ወደ መጻሕፍት የገባ ሰው ምክር መሆኑን ግን አትርሺ፤ ከዩኒቨርሲቲ ያልወጣ አማካሪ ሌላ ሊልሽ ይችላል።

ወንድምሽን በቀጥታ ጠይቂው፤ የከፈለው ስጦታ ነው ወይስ ብድር? ብድር ከሆነ በየወሩ የምትመልሺውን ተስማሙ። ስጦታ ከሆነ ሙያ የመምረጥ መብትሽን አልገዛበትም። አዲሱ ደመወዝ የቤት ኪራይሽን የማይሸፍን ከሆነ ግን አትሂጂ፤ በባዶ ሆድ ሥርዓተ ትምህርት የለወጠ ሰው አላውቅም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራሽን ይወስደው እንደሆነ ጠይቀሻል። መልሱን የሚፈትሽ ሰው ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልጋል፤ ቀጣሪዎች ለዚህ በጀት ይይዛሉ ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም። ሁለተኛ ዲግሪ ልቀጥል ወይ ላልሽው ደግሞ፣ ለጊዜው ይቆይ።

ከመፈረምሽ በፊት ርዕሰ መምህሩን አንድ ነገር ጠይቂ፤ መምህራን የሴሚስተሩን አሳይመንቶች ሲያቅዱ እኔም ስብሰባው ላይ እቀመጣለሁ? አዎ ካለ ፈርሚ። «አንቺ ቁልፉን ትይዣለሽ» ካለሽ አሁን ያለሽበት ቆዪና ከዩኒቨርሲቲው መምህራን አንድ ፈቃደኛ ፈልጊ፤ የዓመቱን አንድ ሰዓት ትተሽለት የአንድ አሳይመንቱን ጥያቄ አብራችሁ ጻፉ።