ብዙ ቀለህ በአንድ ጊዜ ስለ መከርከም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ በፈቃድ በያዝሁት ጠመንጃ ለዒላማ ልምምድ የምተኩሰውን ጥይት የምሞላው ራሴ ነኝ። አሁን ከአንድ ሺህ የማያንስ የተተኮሰ የ.223 ሬሚንግተን ቀለህ ተከማችቶብኛል። በእጅ በሚሽከረከር መከርከሚያ የረዘመውን አፋቸውን አንድ በአንድ መቁረጥ ጀምሬ ነበር፤ ነገር ግን ከድካሙ ሌላ የቆረጥኋቸው ቀለሆች ርዝመታቸው እኩል አልሆነልኝም። በሞተር የሚሠራ መከርከሚያ ብገዛ ችግሬ ይቃለላል? ደግሞስ ሁሉንም መከርከም ግድ ነው?

መልስ፦ ሞተሩ የእጅዎን ድካም ያቃልልልዎታል፤ የርዝመቱ መዛባት ግን ምንጩ እስካልታወቀ ድረስ በውድ መሣሪያም አይስተካከልም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የሥራዎን ቅደም ተከተል ይመርምሩ።

ቀለህ የሚረዝመው በመተኮሱና ተመልሶ በመጥበቡ ነው። 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ የሆነው ናስ በባሩዱ ግፊት ተለጥጦ ከጥይት መጉረሻው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ በኋላም ወደ ቀድሞ ስፋቱ እንዲመለስ ዳይ በሚባለው የብረት ማጥበቢያ ቅርጽ ውስጥ ሲጨመቅ፣ መሄጃ ያጣው ናስ ወደ አንገቱ እየተገፋ ይወጣል። በዚህ ምክንያት መከርከም ሁልጊዜ ከማጥበብ በኋላ ነው። አስቀድሞ የተቆረጠ ቀለህ ዳይ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ እንደገና ይረዝማል፤ የሚረዝመውም እያንዳንዱ በየራሱ መጠን ስለሆነ ቀድሞ እኩል የነበሩት ይለያያሉ። የጻፉልን ቀለሆች ከማጥበብ በፊት ተቆርጠው እንደሆነ የመዛባቱ ዋና ምክንያት ምናልባት ይኸው ነው።

ሌላው ምክንያት መሣሪያው ርዝመቱን ከየት ተነሥቶ እንደሚለካ አለማስተዋል ነው። እንደ ትንሽ ቶርኖ የተሠሩት የእጅ መከርከሚያዎች ቀለሁን ከመቀመጫው ይይዙታል፤ የመቀመጫው ጠርዝ በጠመንጃው ማውጫ ጥርስ ተጎድቶ ከሆነ፣ ወይም በመያዣው ውስጥ የናስ ፍቅፋቂ ከቀረ፣ ያቺው ትንሽ ልዩነት በአፉ በኩል ትታያለች። በሞተር ከሚሠሩት ፈጣን መከርከሚያዎች ብዙዎቹ ደግሞ የሚነሡት ከትከሻው፣ ማለትም ቀለሁ ወደ አንገቱ ከሚጠብበት ቦታ ነው። ቀለሁ እስከ ትከሻው ገብቶ ሲቆም ምላጩ አፉን ይቆርጣል፤ ለብዙ ቀለህ ፈጣን ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ዳዩ ትከሻውን በሁሉም ላይ እኩል ካልገፋው ልዩነቱ ሳይቀነስ ወደ ርዝመቱ ይሸጋገራል። ቅባቱ ባንዱ በዝቶ በሌላው ሲያንስ፣ ወይም የልዩ ልዩ ፋብሪካ ቀለሆች ሲቀላቀሉ የትከሻው ቦታ ይለዋወጣል። እንግዲህ በመቀመጫው ላይ ባለው ማኅተም አስቀድሞ መለየት አላስፈላጊ ጥንቃቄ አይደለም።

ሁሉንም መከርከም ግድ ነው ወይ ላሉት፣ ለደኅንነት ሲባል ግድ የሚሆነው ከወሰኑ ያለፉትን ብቻ ነው። የ.223 ሬሚንግተን ከፍተኛ ርዝመት 1.760 ኢንች ወይም 44.70 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲከረከም የሚደርሰው የተለመደ ልክ 1.750 ኢንች፣ ማለትም 44.45 ሚሊ ሜትር ነው። ከወሰኑ ያለፈ ቀለህ አፉ በጥይት መጉረሻው መጨረሻ ላይ ካለው መጥበቢያ ጋር ይጋጭና አረሩን ቆንጥጦ ይይዘዋል። አንገቱ ተከፍቶ አረሩን መልቀቅ ሲያቅተው ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ያሻቅባል። ይህን የሚያህል ጉዳይ በዓይን ግምት አይተውም፤ ሆኖም አንድ ሺህ ቀለህ ቁጥር እያነበቡ መለካትም አያስፈልግም። ካሊፐሩን (ባለ መንጋጋውን መለኪያ) በከፍተኛው ልክ ላይ ቆልፈው ቀለሆቹን በመንጋጋው መካከል ቢያሳልፉ፣ አልገባ ያለው ለመከርከሚያ ይለያል።

ያም ሆኖ በእርስዎ ቦታ ብንሆን ይህን ክምችት አንድ ጊዜ ሁሉንም እንከረክመው ነበር። በተለይም የቀለሁን አፍ በአረሩ ወገብ ላይ ባለው ጎድጓዳ ቀለበት ላይ የሚያጣብቁት ከሆነ፣ ረጅሙ ከመጠን በላይ ተጨምቆ ትከሻው ሊያብጥ፣ አጭሩ ደግሞ ሊላላ ስለሚችል እኩልነቱ ዋጋ አለው። ለልምምድ ጥይት የ0.05 ሚሊ ሜትር ልዩነት ብዙ ሊያሳስብዎት አይገባም። በየሃያው ወይም በየሠላሳው አንዱን መለካት፣ ልኩ ወደ አንድ አቅጣጫ እየሄደ ከሆነ ቆም ብሎ ምላጩንና ማጥበቂያ ብሎኑን ማየት ይበቃል።

ስለ መግዛቱ ያለን ምክር ብዙ ሰው ከሚያስበው ይለያል። ጊዜ የሚበላው መቁረጡ ሳይሆን ከቆረጡ በኋላ የአፉን ጠርዝ ከውስጥም ከውጭም ማላለሱ ነው፤ አንዱ ቀለህ ሦስት ጊዜ በእጅ ይነሣል፣ ሦስት ጊዜም ይቀመጣል። ስለዚህ ርዝመቱን የሚቆርጥ፣ የውስጡንና የውጭውን ጠርዝ በአንድ ግፊት የሚያላልስ ባለ ሦስት ሥራ ምላጭ ያለውን ይምረጡ፤ እንዲህ ያለው ምላጭ በተራ ትራፓኖ ላይ ቢታሰር እንኳ፣ ጠርዝ ከማያላልስ ባለ ሞተር መከርከሚያ ይሻላል። የካርባይድ ምላጭ ዋጋው ቢወደድም ስለቱን ረዥም ጊዜ ይይዛል።

ጥያቄ፦ ከማጥበብ በኋላም ከ44.45 ሚሊ ሜትር ያነሱ ቀለሆች አገኘሁ። ልጣላቸው?

መልስ፦ በጥቂቱ ያጠረ ቀለህ አደጋ የለውም፤ ሲተኮስም ይረዝማል። ለብቻው ያስቀምጡት፤ አፉን በአረሩ ላይ ለሚያጣብቁት ጥይት ግን አይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ ከተከረከመ በኋላ መታጠብ አለበት?

መልስ፦ ቢያንስ ከውስጡ ፍቅፋቂው መራገፍ፣ የማጥበቢያው ቅባትም መጽዳት አለበት። ሲቆርጡ መነጽር ያድርጉ፤ ከተተኮሰ ቀለህ የሚወጣው ጥቀርሻ ከማቀጣጠያው የቀረ የእርሳስ ውሕድ ስላለበት እጅዎን ሳይታጠቡ ምግብ አይንኩ። በዚያው እያንዳንዱን ቀለህ በብርሃን ያገላብጡት። ከመቀመጫው ጥቂት ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያበራ ቀለበት ካዩ፣ ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ ወደ ውስጥ አስገብተው ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ ይዳስሱ፤ ሽቦው ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ከያዘ ቀለሁ ለሁለት ሊበጠስ ተቃርቧልና፣ ርዝመቱ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን በፒንሳ ጨፍልቀው ያስወግዱት።