ጥያቄና መልስ፦ የጨው ውሃ አኳሪየምና ኮራል በጅማ

አባ ጨው፦ ጠይቁ። ከመጠየቃችሁ በፊት ግን ቁጥር ያዙ፦ የውሃው መጠን በሊትር፣ ጨዋማነት፣ ሙቀት፣ አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ)፣ ናይትሬት። «ውሃዬ ደህና ነው» ቁጥር አይደለም። ሪፍራክቶሜትር (በብርሃን ስብራት ጨዋማነት የሚለካ መሣሪያ) ያላችሁ ደግሞ መጀመሪያ ንባቡ 35 በሚሆን ማስተካከያ ፈሳሽ አስተካክሉት። በንጹህ ውሃ ዜሮ ላይ ብቻ ያስተካከለ ሰው 35 ላይ ሲደርስ መሣሪያው ሊዋሸው ይችላል።

ሄርማታ፦ አባ ጨው፣ እንደምን አሉ። ከውጭ የሚመጣው የአኳሪየም ጨው ዋጋው አይቀመስም። የአፍዴራ ጨው በየሱቁ ሞልቶ ለምን በሱ አንሠራም?

አባ ጨው፦ ስለማይሆን። አንድ ኪሎ የባሕር ውሃ 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። ከዚያ ውስጥ ክሎራይዱ 19.4 ግራም፣ ሶዲየሙ 10.8 ግራም ነው። የቀረው ሰልፌት 2.7፣ ማግኒዥየም 1.3፣ ካልሲየምና ፖታሲየም እያንዳንዳቸው 0.4 ገደማ፣ ሌላው ጥቃቅን ነው። ድንጋያማ ኮራል አጽሙን የሚገነባው ከዚያች 0.4 ግራም ካልሲየምና ከባይካርቦኔቱ ነው። የወጥ ጨው ግን ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። ጨዋማነቱን ስትለካ 35 ይልሃል፣ ኮራሉ ግን የሚገነባበት አያገኝም።

የጅሬን ልጅ፦ የአፍዴራ ሐይቅ ግን ካልሲየም አለው ሲባል ሰምቻለሁ።

አጂፕ፦ ሐይቁ ሌላ፣ ጨዉ ሌላ።

የጅሬን ልጅ፦ እንግዲያው ውሃውን ራሱን በጀሪካን ብናስመጣስ?

አጂፕ፦ ከአፋር ጅማ ድረስ ውሃ በጀሪካን! የጭነቱ ዋጋ ስንት ከረጢት የአኳሪየም ጨው ይገዛል?

የጅሬን ልጅ፦ ጥያቄ ነው የጠየቅሁት፣ ምን አስቆጣህ?

አባ ጨው፦ አጂፕ ልክ ነው። ኩሬ ውስጥ ውሃው ሲተን በብዛት የሚረጋው ሶዲየም ክሎራይዱ ነው። ማግኒዥየሙ ከተረፈው መራራ ውሃ ጋር ይቀራል። የሐይቁም ውሃ ቢሆን ምጣኔው የባሕር ውሃ ምጣኔ አይደለም። ይህ ወሬ እዚህ ይብቃ።

የአፍዴራ ጨው ለዚህ ሥራ አንድ ጥቅም አለው፤ ማስተካከያ ፈሳሽ ይሆናል። ነጩንና ንጹሁን ጨው በድስት በደንብ አድርቁና 36.5 ግራም መዝኑ፤ ቲዲኤሱ (የሟሟው ነገር መጠን) ዜሮ የሆነ ውሃ 963.5 ግራም ጨምሩበት። ብርሃን የሚሰብርበት መጠን ከ35 የባሕር ውሃ ጋር እኩል ስለሆነ ሪፍራክቶሜትሩን በዚህ 35 ላይ አድርጉት። ግማሽ ግራም የሚለይ ሚዛን ከሌላችሁ የወርቅ ሠሪ ሚዛን ተዋሱ። ማንኪያ ሚዛን አይደለም።

የመንደራዋ፦ ለማቀላቀያ የቧንቧ ውሃ ይሆናል? አርኦ ማሽኑ (ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን የሚያጣራው) ውድ ነው። የዝናብ ውሃም እዚህ ሞልቷል።

አባ ጨው፦ የቧንቧ ውሃ አይሆንም፣ እህቴ። ክሎሪኑ በአንድ በኩል፣ ክረምት ላይ የሚመጣው ደለል በሌላ በኩል፣ መዳብና ፎስፌት ደግሞ በዓይን አይታዩም። ዓሣ የሚችለውን መዳብ ሽሪምፕና ኮራል አይችሉትም። ባለ 5 ማይክሮን ደለል ማጥሪያ፣ ቀጥሎ ካርበን፣ ቀጥሎ የአርኦ ሜምብሬን፣ መጨረሻ ላይ ዲአይ (የቀረውን የሟሟ ማዕድን የሚይዝ ማጣሪያ) ይሁን። ሜምብሬኑ ከ3.5 እስከ 4 ባር ግፊት ይፈልጋል። የቤታችሁ ውሃ ከጣሪያ ሮቶ በስበት የሚወርድ ከሆነ ያን ያህል ግፊት የለውምና ግፊት ማሳደጊያ ፓምፕ ጨምሩ። አለዚያ ጠብ ጠብ ይላል፣ ጥራቱም ይወርዳል። ለ100 ሊትር ንጹህ ውሃ 300 ሊትር ገደማ ተረፈ ውሃ ይወጣል፤ ለልብስና ለመጸዳጃ ያዙት፣ አትድፉት። ዲአዩን የምትቀይሩት ቲዲኤሱ ከዜሮ ሲነሳ ነው፣ በወር በዓመት አይደለም።

የዝናብ ውሃ ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ከሆነ በፍጹም አታስገቢ። ቆርቆሮው በዚንክ የተለበጠ ነው፣ ዚንኩም አከርካሪ የሌላቸውን እንስሳት ይፈጃል። ንጹህ ፕላስቲክ ዘርግተሽ በቀጥታ ከሰማይ ከቀበልሽው፣ የመጀመሪያውንም ካፊያ አሳልፈሽ ከሆነ፣ በካርበንና በዲአይ አሳልፊው። ይህ እንዲያውም ዲአዩን ይቆጥባል።

ቆጪ፦ የባትሪ ውሃስ? ሃይላንድስ?

አባ ጨው፦ የታሸገ ውሃ ማዕድን አለው፣ ተወው። የባትሪ ውሃ ተብሎ የሚሸጠው አንዳንዱ አሲድ ነው። በቲዲኤስ ሳትለካ ገንዳው ውስጥ አታስገባው።

አጂፕ፦ ወደ ዋናው ልግባ። የኔ 300 ሊትር ነው፣ ጨዋማነት 35፣ ሙቀት 26፣ አልካሊኒቲ 8.2፣ ናይትሬት 5። መብራት ሲሄድ ምን ላስቀድም?

አባ ጨው፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። ብዙ ሰው ስለ ብርሃን ይጨነቃል። ኮራል ሁለት ሦስት ቀን ብርሃን ቢያጣ አይሞትም፣ የሚገድለው የኦክስጅን ማለቅ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ውሃ መያዝ የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይወርዳል። 26 ዲግሪ ላይ 35 ጨዋማነት ያለው ውሃ ባሕር ዳርቻ ላይ በሊትር 6.6 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል፣ እዚህ 5.3 ገደማ ነው። ይህም ውሃው ጥግብ ሲል ነው። ሌሊት ደግሞ ኮራሉም አልጌውም ባክቴሪያውም ከዓሣው እኩል ይተነፍሳሉ፣ ኦክስጅን የሚያመርት የለም። በውጭ አገር መመሪያ ያነበባችሁት «ይህን ያህል ሰዓት ይቆያል» ለባሕር ዳርቻ ሰው የተጻፈ ነው። እኛ ስንጀምር ራሱ አንድ አምስተኛ ጎድሎብናል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። አንደኛ፣ የውሃው ወለል ይንቀሳቀስ። መብራት ሲሄድ በራሱ የሚነሳ ባለ ባትሪ አየር ፓምፕ ከነአረፋ ድንጋዩ ገንዳው ላይ ተተክሎ ይቆይ። እናንተ ቤት ባትኖሩም ይሠራል። ሁለተኛ፣ በቀጥታ ጅረት የሚሠራ የሞገድ ፓምፕ ግዙና ቮልቴጁ ከሚገጥም ባትሪ ጋር ያለ ኢንቨርተር አያይዙት። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት አለው፤ ከግማሽ በታች ካወረዳችሁት ዕድሜው ያጥራልና 600 ቁጠሩ። 20 ዋት ፓምፕ በሱ 30 ሰዓት ይሄዳል። በኢንቨርተር በኩል ከሆነ ብክነቱ ከዚህ ላይ ይቀነሳል። ያንኑ ባትሪ ለ300 ዋት ማሞቂያ ብትሰጡት ሁለት ሰዓት ነው ያላችሁ። ማሞቂያውን ንቀሉት፤ የገንዳውን ጎን በጋቢ ጠቅልሉት፣ ከላይ ግን ክፍት ይሁን። ከላይ የሸፈነ ሰው ለሙቀት ብሎ ትንፋሹን ዘጋው ማለት ነው። ምግብ አትስጡ።

መብራቱ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ እያለ ነው የሚመጣው፤ ለፍሪጅ የሚሸጠውን ጥቂት ደቂቃ አዘግይቶ የሚለቅ መከላከያ ለገንዳውም ግዙ። ዝግ ካኒስተር ማጣሪያ ያለው ሰው ብዙ ሰዓት ጠፍቶ ከቆየ ሳያጥብ አያስነሳው፤ ውስጡ ያለ ኦክስጅን የበሰበሰው ሁሉ ገንዳው ውስጥ ይገባል።

የጅሬን ልጅ፦ ጄኔሬተር ገዝቶ መገላገል አይሻልም?

አጂፕ፦ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ማን ያስነሳልሃል? ጎረቤትስ?

የጅሬን ልጅ፦ ራሱ የሚነሳ አለ።

አጂፕ፦ በዚያ ዋጋ አራት ባትሪ እገዛለሁ።

የጅሬን ልጅ፦ ባትሪው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይሞታል፣ ያኔ እንነጋገራለን።

አባ ጨው፦ ሁለቱም ይሠራል። ጄኔሬተር ያለውም ቢሆን አየር ፓምፑን አይተው።

ቆጪ፦ ዓሣ መቼ ላስገባ?

አባ ጨው፦ አሞኒያ 2 ፒፒኤም (በሊትር 2 ሚሊግራም ገደማ) ጨምረህ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆን። ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል፤ ውሃው ከቀዘቀዘ ይዘገያል። የጅማ ሌሊት ይቀዘቅዛልና ማሞቂያውን ከመጀመሪያው ቀን አብራ። ለ300 ሊትር አንድ ባለ 300 ሳይሆን ሁለት ባለ 150 ዋት አድርግ። ቴርሞስታቱ ተጣብቆ ቢቀር አንዱ ብቻውን ገንዳውን አይቀቅልም።

ሄርማታ፦ ለ300 ሊትር ጨው ስንት ኪሎ ይፈጃል?

አባ ጨው፦ ለ100 ሊትር 3.7 ኪሎ ገደማ ይዘህ ጀምር፣ እንደ ጨዉ ዓይነት ይለያያል። ጨዉን ወደ ውሃው ነው እንጂ ውሃውን ወደ ጨዉ አታፍስስ፤ ካልሲየሙ ረግቶ ነጭ ዱቄት ይሆንብሃል። በፓምፕ አማስለህ፣ 25 ዲግሪ አድርሰህ ለካ። በ35 በተስተካከለ መሣሪያ!

የመንደራዋ፦ ኮራሌ ተሰብስቦ ቀረ፣ አልከፈት አለ። ምን ይሻላል?

አባ ጨው፦ ቁጥር?

የመንደራዋ፦ ውሃው ጥሩ ነው፣ ጥርት ያለ።

አባ ጨው፦ ጥርት ያለ አሲድም አለ፣ እህቴ። ቁጥር።

የመንደራዋ፦ 100 ሊትር፣ 38፣ 25 ዲግሪ። ሌላውን አልለካሁም።

አባ ጨው፦ ይኸውና። ጨዋማነትሽ 38 ነው። የሚተነውን የምትተኪው በጨው ውሃ ነው መሰለኝ። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨዉ ይቀራል። የተነነውን በየቀኑ በንጹህ ውሃ ብቻ ተኪ። ከ300 ሊትር 9 ሊትር ቢተንና ባይተካ 35 የነበረው 36 ያልፋል፤ ያንቺ 100 ሊትር ከሆነ 3 ሊትር ይበቃዋል። አሁን ግን በአንድ ቀን ወደ 35 አታውርጂው፤ በቀን ከአንድ ነጥብ አይበልጥ።

ቡና የምታፈሉት እዚያው ክፍል ውስጥ ነው? በዝግ ቤት የከሰሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃው ውስጥ ገብቶ ፒኤቹን ያወርደዋል። ፒኤች ማሳደጊያ ዱቄት ገዝታችሁ አታሯሩጡት፤ መስኮት ክፈቱ፣ የስኪመሩን (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣውን መሣሪያ) የአየር ቱቦ ወደ ውጭ አውጡት። በዚያ ክፍል ፍሊት አይነፋ። አየር ፓምፑ ስቦ ያስገባዋል፣ ሽሪምፕም በሰዓታት ያልቃል።

አጂፕ፦ አልካሊኒቲውን በቤኪንግ ሶዳ መጠበቅ ይቻላል?

አባ ጨው፦ ይቻላል፣ ርካሽም ነው። ሶዳ እንጂ ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፤ ፓውደሩ አሲድና ስታርች አለበት። በ100 ሊትር 1 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ) ለማሳደግ 3 ግራም ሶዳ ነው። መጀመሪያ ፍጆታህን እወቅ፤ ዛሬ ለካ፣ ምንም ሳትጨምር ነገ በዚያው ሰዓት ለካ። 300 ሊትርህ በቀን 0.5 የሚበላ ከሆነ 4.5 ግራም ሶዳ በንጹህ ውሃ አሟሙተህ ትሰጣለህ። ከሱ ጋር ካልሲየም እኩል ይጎድላል፤ ለ0.5 ዲኬኤች 3.6 ፒፒኤም ያህል ነው። ውሃ ያዘለው ካልሲየም ክሎራይድ ከሆነ 4 ግራም ገደማ ይተካዋል። ሁለቱን አንድ ላይ አታፍስስ፤ እዚያው ኖራ ሆኖ ይረጋል። በቀን ከ1 ዲኬኤች በላይ አታሳድግ። ካልሲየም ከ400 እስከ 450፣ ማግኒዥየም 1,300 አካባቢ ይሁን። ማግኒዥየም ሲወርድ ካልሲየሙንና አልካሊኒቲውን በመጠናቸው ማቆየት ያስቸግራል።

ሄርማታ፦ የግንባታ ኖራስ? ካልክቫሰር የሚሉት ኖራ አይደል?

አባ ጨው፦ ኖራ ነው፣ ግን ንጹሁ። የግንባታው ምን ከምን እንደተቃጠለ አይታወቅም። ለምግብ ወይም ለላቦራቶሪ የሚሆነውን ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ አግኝ፤ በሊትር 1.5 ግራም በቂ ነው። ፒኤቹ ከ12 በላይ ነውና ሌሊት ጠብ ጠብ እያለ ይግባ እንጂ አይፍሰስ።

ቆጪ፦ የትኛው ኤልኢዲ ይሻላል?

አባ ጨው፦ በብራንድ ክርክር አልገባም። ለለስላሳ ኮራል ከ50 እስከ 100 ፓር (ለፎቶሲንተሲስ የሚሆን ብርሃን መለኪያ)፣ ድንጋያማ ለሆነው አክሮፖራ ከ200 በላይ።

የጅሬን ልጅ፦ ከጅቡቲ በዘመድ ኮራል ማምጣትስ?

አባ ጨው፦ ድንጋያማ ኮራል በሳይቲስ (ለአደጋ የተጋለጡ የዱር ዝርያዎች ንግድ ዓለም አቀፍ ስምምነት) ሁለተኛ አባሪ ውስጥ ነው። የላኪ አገር ፈቃድ ይጠይቃል፤ እዚህ ጉዳዩ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። በሻንጣ አልመክርም፣ ከዚህ በላይም አልናገርም።

ሄርማታ፦ ማስቀመጫውን ለአናጺ ልስጥ ወይስ ለብየዳ? ሳምፕም (ከሥር የሚቀመጥ የማጣሪያ ገንዳ) ላደርግ ነው።

አባ ጨው፦ የጅማ አናጺ በዋንዛ ጥሩ አድርጎ ይሠራዋል፤ የላይኛው ወለል ውልፍት የማይል ይሁን። አርኤችኤስ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ከሆነ ብየዳውን ሳይቀር ቀለም ቀቡት፣ ጨው ብረት ይበላል። ሳምፑን ግን ተጠንቀቅ። መብራት ሲሄድ የመመለሻው ቱቦ ተገልብጦ ውሃውን ወደ ታች ይስባል። 120 በ50 ገንዳ ላይ የቱቦው አፍ ከውሃው ወለል 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ 60 ሊትር ይወርዳል፤ ሳሎንህ ላይ ማለት ነው። አፉን 2 ሴንቲ ሜትር ላይ አድርገው፣ 12 ሊትር ብቻ ይሆናል። ከዚያ ዓሣ ሳታስገባ ሶኬቱን ነቅለህ እስኪቆም ተመልከት።

ቆጪ፦ ዓሣ ግን መቼ ነው የሚገባው?

አባ ጨው፦ ወደ ላይ አንብብ።

የመንደራዋ፦ ድንጋዩ ላይ አይፕታዚያ (እንደ አረም የሚባዛ የባሕር እንስሳ) በቅሎብኛል። አውጥቼ ባፈላውስ?

አባ ጨው፦ አይሆንም! ድንጋይ አይፈላም። ዞአንቲድና ፓሊቶአ የሚባሉት ለስላሳ የኮራል ዘመዶች ያሉበት ድንጋይ ፓሊቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ እንፋሎቱ ቤተሰቡን በሙሉ ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል። በጓንትና በመነጽር ካልሆነ አትንኩት፣ በደረቁም አትፋቁት። አይፕታዚያውን ንጹሁን ኖራ በጥቂት ውሃ ለውሰሽ፣ በመርፌ አፉ ላይ ጠብ አድርጊበት። ፓምፑን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አጥፊ። ያንቺ 100 ሊትር ነውና ፒኤቹ እንዳይዘል በአንድ ቀን ከሦስትና አራት አታልፊ።